ቆሞ የከረመ ሞተር ሲያስቸግር ከቤንዚኑ ጀምሩ

ሞተር ሳይክሉ ወራት ቆሞ ከርሟል። አቧራውን ጠራርጋችሁ ደጋግማችሁ ስትረግጡት በመከራ ይነሳል፤ ቾኩን (ቀዝቃዛ ሞተር ለማስነሳት የሚሳበውን) ስትመልሱት ግን ወዲያው ይጠፋል። ወይም ሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጡት ቀስ ብሎ መሥራት) አልይዝም ይላል። ወይም ነዳጅ ስትሰጡት ይንተፋተፋል፣ ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው ካርቡሬተር በኩል ያስነጥሳል፣ ትንሽ ዳገት ሲያይ ጉልበቱ ይከዳዋል። አንዳንዱ ደግሞ ጥቂት ደቂቃ አሪፍ ሄዶ ከሰፈር ሳይወጣ ቀጥ ይላል። የተለያየ በሽታ ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን መነሻው አንድ ነው፤ ቆሞ ያረጀ ቤንዚን።

ይህን የምጽፈው ሰው ያለ ምክንያት ገንዘቡን ሲጨርስ ሳይ ስለሚያናድደኝ ነው። ነገሩ ሁሌ በአንድ መንገድ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ካንዴላ ይቀየራል፣ ቀጥሎ ባትሪ ይገዛል፣ ከዚያ አንዱ ካቻቢቴ ይዞ ይመጣና የካርቡሬተሩን ብሎኖች በግምት ያዞራል፣ መጨረሻ ላይ «ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ጨርሷል፣ ሞተሩ መውረድ አለበት» ይባላል። እንዲህ ስትባሉ አንድ ነገር ጠይቁ፤ ሲቆም እንዴት ነበር? ሲቆም ጤነኛ ከነበረና ውሃ ካልገባበት፣ ቆሞ ሳለ ፋሻ አይጨርስም። ፋሻ የሚያልቀው በሥራ ነው። በመቆም የሚበላሸው ቤንዚኑ፣ ባትሪው፣ የላስቲክ ዕቃዎቹና በእርጥበት የሚዝገው ብረት ነው።

ሞተር የሚቆምበት ምክንያት ደግሞ እኛ አገር አይጠፋም። ባለቤቱ ውጭ ይሄዳል። ፕሮጀክት ያልቅና የመሥሪያ ቤቱ ሞተር መጋዘን ጥግ ይቀራል። ቤንዚን ይጠፋል። አዲስ አበባ ላይ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ፈቃድ ሞተር ማሽከርከር ሲከለከልም ሸራ ለብሶ ጊቢ ውስጥ የቀረ ሞተር ነበር።

እዚህ የማወራው በየመንገዱ ስለምናያቸው ባለ ካርቡሬተር፣ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተሮች ነው፤ እንደ ባጃጅ ቦክሰር፣ እንደ ቲቪኤስ ዓይነቶቹ። እንደ ያማሃ ዲቲ 125 ያለ ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚያቃጥል ባለ ሁለት ስትሮክ ቢሆንም የቤንዚኑና የካርቡሬተሩ ሥራ ያው ነው። ካርቡሬተር የሌለውን፣ ኢንጀክሽን ያለውን አዲስ ሞተር ግን በዚህ መንገድ አትፍቱት። እሱ ላይ የታንከሩን ቤንዚን ለውጡና ካልተስተካከለ የሚያውቅ ሰው ጋ ውሰዱት።

ከመርገጣችሁ በፊት

አትቸኩሉ። መጀመሪያ ክፍት ቦታ አውጡት። በር ዘግቶ ሞተር ማስነሳት ይገድላል፣ ጭሱ ውስጥ ያለው መርዝ ሽታ የለውም። ቤንዚን ስትቀዱ ደግሞ አካባቢው ላይ ሲጋራ ብቻ ሳይሆን የቡና ከሰልም እንዳይኖር እዩ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ እሳቱ ራቅ ያለ ቢመስላችሁም ደርሶ ይለኩሰዋል።

የታንከሩን ክዳን ክፈቱና አሽቱት። ጤነኛ ቤንዚን ሽታው አፍንጫ ይወጋል። ያረጀው ግን ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይላል፣ ቀለሙም ይጠቁራል። ውስጡን በስልክ መብራት እዩት፤ ክብሪትና ላይተር የሚባል ነገር አይታሰብ። ከዚያ ቱቦውን ነቅላችሁ ያለውን ሁሉ ቅዱት፤ ትንሽ በብርጭቆ ጠርሙስ ቀንሳችሁ ሩብ ሰዓት አስቀምጡት። ውሃ ካለበት ከቤንዚን ስለሚከብድ ታች ይተኛል፣ በሁለቱ መካከል ጥርት ያለ መስመር ታያላችሁ። በግማሽ ታንከር ቆሞ የከረመ ሞተር ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ ባዶው ቦታ ያለ አየር ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ እርጥበቱ ግድግዳው ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። በተለይ ክረምቱን ውጭ ያሳለፈ ከሆነ።

«ግማሽ ላይ አዲስ ብጨምርበትስ?» የሚል ሁሌ አለ። ሁለት ወር የቆመ ከሆነ ሊያስኬዳችሁ ይችላል። ስድስት ወር፣ ዓመት ከሆነ ግን አዲሱንም ታበላሹታላችሁ። ቤንዚን አንድ ነገር አይደለም፣ የብዙ ነገር ድብልቅ ነው። ቀድሞ የሚተነው ቀላሉ ክፍል ነው፤ ቀዝቃዛ ሞተር የሚያስነሳውም እሱ ነበር። የቀረው ከአየር ጋር ሲቆይ ይወፍርና እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ነገር ይሆናል።

የቀዳችሁትን ቦይ ውስጥ አትድፉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ «ነጭ ጋዝ ነው» ብሎ ምድጃ ውስጥ የሚጨምር ሰው እንዳያገኘው። ነጭ ጋዝ ለሚያነደው ምድጃ ቤንዚን ፈንጂ ነው። ጠርሙሱ ላይ ጻፉበትና ልጆች ከማይደርሱበት አርቁት።

አሁን ዘይቱን እዩ። መለኪያውን አውጥታችሁ አሽቱት። የዘይቱ መጠን ከነበረበት ከፍ ካለና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ ካርቡሬተሩ ቆሞ ሳለ ሲያፈስ ከርሞ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ ገብቷል ማለት ነው። ወተት እንደገባበት ቡና ከነጣ ውሃ አለበት። በሁለቱም ሳትቀይሩ አታስነሱ። ብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች የሚይዙት አንድ ሊትር አካባቢ ስለሆነ ዓመት ከቆመ ደህና ቢመስልም ቀይሩት፤ ዋጋው ከሚያድነው ዕቃ ጋር አይወዳደርም። ስትገዙ የሞተር ሳይክል ዘይት ይሁን፣ ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል ይኖረዋል። ለመኪና ከሚሸጡት ዘይቶች አንዳንዶቹ ፍሪሲዮን (ክላች) ያንሸራትታሉ።

ከዓመት በላይ ከቆመ ካንዴላውን ፍቱና በቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል የሞተር ዘይት አፍስሱ። ቁልፉን ሳትከፍቱ ኪኩን (በእግር የሚረገጠውን ማስነሻ) በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ ጥቂት ጊዜ አውርዱት። የደረቀው ሲሊንደር ዘይት ያገኛል። ኪኩ አልወርድም ካለ በጉልበት አትርገጡ፤ ዘይቱ ሌሊቱን ይደርበትና በነጋታው ሞክሩት።

ታንከሩ

ሰው ካርቡሬተሩን ያጸዳል፣ ሁለት ቀን በደንብ ይሄዳል፣ በሦስተኛው ቀን ያው ችግር ይመለሳል። ታንከሩን ስላላየው ነው። ውስጡ የዛገ ታንከር የጸዳውን ካርቡሬተር እንደገና ይደፍነዋል፣ ስለዚህ ታንከሩ ይቅደም።

ውስጡ ብርማ ከሆነ በትንሽ ንጹሕ ቤንዚን አለቅልቃችሁ ድፉት፣ ይበቃል። ቀይ ዝገት ካለ ታንከሩን አውርዱትና ከሥሩ ያለውን የቤንዚን መክፈቻ ፍቱለት። ቀዳዳውን በቡሽ ወይም በላስቲክ ድፈኑት። ከዚያ አቸቶ ሙሉበትና አንድ ቀን ሙሉ ይቀመጥ። ዝገቱ ወፍራም ከሆነ ትንሽ አቸቶ ላይ አንድ እፍኝ ትንንሽ ዳዶ ጨምራችሁ ናጡት፣ ስትጨርሱ ግን ዳዶዎቹን ቆጥራችሁ አውጡ። አቸቶውን ደፍታችሁ ቤኪንግ ሶዳ በበጠበጣችሁበት ውሃ እጠቡት፤ አሲዱ ከቀረ ብረቱ ወዲያው ይዝጋል። በደንብ አድርቁት፤ ፀሐይ ላይ፣ ወይም ጎሚስታ ጋ በኮምፕሬሰር አየር አስነፉት። እንደደረቀ በትንሽ ቤንዚን አለቅልቁና ሳይውል ሳያድር ሙሉት።

መክፈቻው ላይ ታንከሩ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ወንፊት አለ። ብዙ ሰው መኖሩንም አያውቅም። በጥርስ ብሩሽ አጽዱት። የቤንዚን ቱቦው ደርቆ ከተሰነጠቀ ቀይሩት፣ ርካሽ ነው።

ክዳኑንም አትርሱ። ክዳኑ ላይ አየር የሚገባባት ቀጭን ቀዳዳ አለች። በአቧራ ከተደፈነች ቤንዚኑ መውረድ ያቆማል፤ «አምስት ደቂቃ ሄዶ ይቆማል» የሚባለው ሞተር ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። መለየቱ ቀላል ነው። ሲቆምባችሁ ክዳኑን ክፈቱ፤ ፉት የሚል ድምፅ አሰምቶ ከዚያ ከተነሳ ጥፋተኛውን አገኛችሁ።

ሁሉም ሲገጠም ካርቡሬተሩ ጋ ያለውን የቱቦ ጫፍ ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ መክፈቻውን ክፈቱ። ቤንዚኑ ሳይቆራረጥ መውረድ አለበት። ጠብ ጠብ ካለ ገና አልጨረሳችሁም። አንዳንድ መክፈቻ ግን ሞተሩ ካልዞረ በቀር ቤንዚን አይለቅም፤ ከካርቡሬተሩ ቱቦ ሌላ ሁለተኛ ቀጭን ቱቦ ካለው እንደዚያ ዓይነት ነው። እሱን በዚህ አትፍረዱበት።

ካርቡሬተሩ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ታንከሩ ብዙ ሊትር ስለሚይዝ ቤንዚኑ ቀስ ብሎ ነው የሚበላሸው። የካርቡሬተሩ የታች ሳህን ግን የሚይዘው አንድ የቡና ሲኒ የማይሞላ ነው፣ በሳምንታት ውስጥ ይተንና ሙጫውን ቀዳዳዎቹ ላይ ጥሎ ይሄዳል።

ከመፍታታችሁ በፊት ችግሩ የት ላይ እንደሚመጣ ለዩ። ሚኒሞ የማይዝ፣ በቾክ ብቻ የሚሠራ፣ መነሻ ላይ የሚንተፋተፍ ነገር ግን አንዴ ከፈጠነ በኋላ ደህና የሚሆን ከሆነ፣ የተደፈነችው የሚኒሞዋ ትንሿ ጄት (ቤንዚን የሚያልፍባት ባለ ቀዳዳ ብሎን) ናት። ከነዳጅ መስጫው የመጀመሪያ ሩብ ላይ ሥራውን የምትሸከመው እሷ ናት። መሐል ላይ የሚያስቸግር ከሆነ ከላይ ወደምትወርደው መርፌ ተመልከቱ። ጥግ ድረስ ስትሰጡት የሚታነቅ ከሆነ ዋናዋ ጄት ወይም የሚወርደው ቤንዚን ማነስ ነው። ቆሞ የከረመ ሞተር ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጣጣው ከሚኒሞዋ ጄት ነው፤ ቀዳዳዋ ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሰች ስለሆነች መጀመሪያ የምትዘጋው እሷ ናት።

ካርቡሬተሩን ስታወርዱ በየደረጃው በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ከሥር ዝርግ ትሪ አድርጉ። የሳህኑን ብሎኖች በልኩ በሆነ ካቻቢቴ፣ ጫን ብላችሁ ፍቱ፤ ለስላሳ ስለሆኑ ጭንቅላታቸው ቶሎ ይበላል። ሳህኑ ሲከፈት ቡናማ ሙጫ ወይም አረንጓዴና ነጭ ዱቄት ካያችሁ ግምታችሁ ልክ ነበር። የቤንዚኑን መጠን የሚቆጣጠረውን ተንሳፋፊ የያዘችውን ቀጭን ዘንግ ገፍታችሁ አውጡና ተንሳፋፊውን ከነሾጣጣ መርፌው አንሱት። የመርፌው የላስቲክ ጫፍ ላይ የቀለበት ምልክት ከተቀረጸበት ማፍሰሱ አይቀርም፣ ቀይሩት።

አሁን ሁለቱን የነሐስ ጄቶች ፍቱ። ትልቋ መሐል ላይ ናት። ትንሿ አጠገቧ፣ ጠለቅ ብላ ትቀመጣለች፣ አንዳንዴ የላስቲክ ክዳን አላት። ካቻቢቴው ካልያዘላችሁ አታስገድዱ፤ የነሐሱ ጭንቅላት ከተቆረጠ መከራ ነው። ካርብ ማጽጃ (የካርቡሬተር ማጽጃ) ነፍታችሁ ጠብቁና እንደገና ሞክሩ። ስትወጣ ወደ ሰማይ ይዛችሁ አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በውስጧ እዩ። ንጹሕ ከሆነች ጥርት ያለች ክብ የብርሃን ነጥብ ታያላችሁ። ምንም ካልታየ፣ ወይም ነጥቡ ጎኑ የተበላ ጨረቃ ከመሰለ፣ የሞተራችሁ በሽታ በሁለት ጣታችሁ መካከል አለ።

መርፌ አታስገቡባት። ብረት ነሐሱን ይፍቃል፣ ቀዳዳው ከሰፋ ሞተሩ ቤንዚን ይጠጣል፣ ያ ደግሞ በጽዳት አይመለስም። ከአሮጌ የመብራት ገመድ ውስጥ አንድ ቀጭን የመዳብ ክር ምዘዙና በእሱ ሞክሩ፣ መዳብ ለስላሳ ነው። ካርብ ማጽጃ ውስጥ ሌሊቱን ብትዘፈዝፏት ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው።

ከጎን ያለችውን የድብልቅ ብሎን ከመፍታታችሁ በፊት ወደ ውስጥ እስክትነካ ብቻ ቀስ አድርጋችሁ አዙሯትና ስንት ዙር እንደሄደች ቁጠሩ፣ ጻፉት። ስትመልሷት እዚያው ቁጥር ላይ ትቆማለች። ይህን ቁጥር ሳይዙ መፍታት ነው ብዙ ሰው የሚያለቅሰው። ከብሎኗ ጋር ስፕሪንግ፣ ቀጭን ዋሸርና ትንሽ ኦሪንግ ሊኖር ይችላል፤ ኦሪንጉ ብዙ ጊዜ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። ቁጥሩ ከጠፋባችሁ ከጥግ ወደ ውጭ ሁለት ዙር አድርጋችሁ ጀምሩ።

አካሉ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች በሙሉ ማጽጃ ንፉባቸው፤ በአንዱ ስትነፉ በሌላው መውጣት አለበት። ፊታችሁን አርቁ፣ ዓይን ያቃጥላል። ከዚያ ጎሚስታው ጋ ወስዳችሁ በአየር አስነፉት። የላስቲክ ዕቃ፣ ተንሳፋፊውን ጨምሮ፣ ማጽጃ ውስጥ አትዘፍዝፉ።

ስትገጥሙት ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን ላስቲክ ጎንበጥ አድርጋችሁ ስንጥቅ ካለው እዩ። ከዚያ አየር ከገባ የጸዳ ካርቡሬተርም አያድናችሁም፤ ሚኒሞው ከፍ ዝቅ ሲል ይውላል። ሞተሩ ሲሠራ መጋጠሚያው ላይ በሳሙና የተበጠበጠ ውሃ ጠብ ስታደርጉ ድምፁ ከተቀየረ እዚያ ያስገባል ማለት ነው።

አስነሱትና ጥሩ አድርጎ እስኪሞቅ ጠብቁ። ሚኒሞ የሚስተካከለው በሞቀ ሞተር ላይ ብቻ ነው። የዙር ቆጣሪ ካለው በደቂቃ ከ1,300 እስከ 1,500 ዙር መካከል አቁሙት። ከዚያ የድብልቅ ብሎኗን ሩብ ሩብ ዙር እያንቀሳቀሳችሁ ድምፁ ከፍና ልስልስ የሚልበትን ቦታ ፈልጉ፣ ሚኒሞውንም መልሳችሁ ዝቅ አድርጉት።

አሁንም ካልተስተካከለ

የአየር ፊልትሮውን ክፈቱ። አይጥ ትወደዋለች። ስፖንጅ ከሆነና ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ ቀይሩት፤ ፍርፋሪው ወደ ካርቡሬተሩ ይገባል። ጤነኛ ስፖንጅ በሳሙና ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ትንሽ ዘይት ይነካል። የወረቀት ፊልትሮ አይታጠብም። ማርሚታው አፍ ውስጥም ተርብ ቤት ሠርታ እንደሆነ እዩ።

ካንዴላውን ፍቱና ቀለሙን አንብቡ። ቡኒ ከሆነ ደህና። ነጭ ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፤ ካርቡሬተሩ ገና አልጸዳም ወይም አየር ይገባል። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ታፍኗል። ክፍተቱ በአብዛኛው ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ነው። ካንዴላው የሚተፋው እሳት ቢጫና ደካማ ከሆነ የካንዴላውን ኮፍያ ከገመዱ ላይ አዙራችሁ አውጡ፤ የገመዱ ጫፍ አረንጓዴ ከሆነ ግማሽ ሳንቲሜትር ቆርጣችሁ መልሱት። መሪው ላይ ያለውን ማጥፊያ ብዙ ጊዜ ወዲያ ወዲህ አድርጉት፣ ውስጡ ይዝጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሞተሩ የቆመው ቆላ ሆኖ አሁን ደጋ ካመጣችሁት፣ ሁሉ ነገር ጸድቶም ሊከብደው ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩም ባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ለቆላ የተመጠነች ጄት እዚህ ቤንዚን ታበዛለች፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ዳገት ላይ ይደክማል። አንድ ቁጥር ያነሰች ዋና ጄት ብዙ ጊዜ ትፈታዋለች። እዚሁ ሲሠራ የነበረ ሞተር ላይ ግን ጄት አትቀይሩ። ከፍታው አልተለወጠም።

ባትሪውን በቴስተር ለኩ። ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ ከሆነ ሙሉ ነው። ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ነው፤ በዝግታ ቻርጅ ይደረግ፣ የ5 አምፒር ሰዓት ባትሪ ከሆነ በግማሽ አምፒር። መኪና ባትሪ ቤት ወስዳችሁ በትልቁ ቻርጀር አታስቀቅሉት። በማግስቱ እንደገና ከወረደ አልቋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ካልሆነ፣ ያን ጊዜ ነው ስለ ሞተሩ ውስጥ የምታስቡት። ካንዴላው ቀዳዳ ላይ አውራ ጣታችሁን አድርጋችሁ ኪኩን አውርዱ። አየሩ ጣታችሁን ገፍቶ ካላስለቀቀ እፍግታ (ኮምፕሬሽን) የለም፣ ምናልባትም ባልቦላ (ቫልቭ) ዝጎ ተጣብቋል። ከዚህ ወዲያ የመካኒክ ሥራ ነው።

ከመንገድ በፊት

ፍሪሲዮኑን ይዛችሁ አንደኛ ማርሽ ስታስገቡ ሞተሩ ከዘለለ፣ የፍሪሲዮኑ ሸራዎች እርስ በርስ ተጣብቀዋል። አጥፉት፣ አራተኛ ማርሽ አስገቡ፣ ፍሪሲዮኑን እንደያዛችሁ ወደ ፊት ወደ ኋላ ግፉት። ብዙ ጊዜ ጠቅ ብሎ ይላቀቃል።

ፍሬኑን ሜዳ ላይ በእግር ፍጥነት ሞክሩ። የዲስክ ፍሬን ከሆነ ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል፣ እርጥበት ይስባልና። ካቴናውን አጽድታችሁ ዘይት ቀቡ። ጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ ቁጥር አለ፤ 2319 የሚል ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ጎኑ ከተሰነጣጠቀ አትመኑት።

የመጀመሪያው ቀን ከሰፈር አትራቁ፣ ካቻቢቴና የካንዴላ ቁልፍ ይዛችሁ ውጡ። ስትመለሱ ሞተሩ እንደሞቀ ከሥር የፈሰሰ ቤንዚን ካለ እዩ። ደግሞ ለረጅም ጊዜ የምታቆሙት ከሆነ ታንከሩን ጢም አድርጋችሁ ሙሉት፣ መክፈቻውን ዝጉና ራሱ ቤንዚን ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ ይሥራ። ከዚያ ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን ላላ አድርጋችሁ የቀረውን አውጡት፣ ባትሪውንም ነቅላችሁ ቤት አስገቡ።